ጥርስ የሚያጠርሰው ፖም

ይህን ቤት የተከራየነው የዛሬ አራት ዓመት፣ ነሐሴ መጨረሻ ላይ ነው። ኖቲንግሃም ውስጥ፣ ቀያይ የጡብ ቤቶች ተደጋግፈው የቆሙበት ረጅም መንገድ አለ፤ እዚያ። ቤቱን ሊያሳየን የመጣው ወጣት ስለ ቦይለሩ፣ ስለ ምንጣፉ፣ ስለ መስኮቶቹ እስኪደክመው አወራልን። ጓሮ ስንወጣ ግን «ዛፍም አለው» ብሎ በእጁ ጠቆመና ወደ ውስጥ ተመለሰ።

ዛፍም አለው! የጓሮውን ግማሽ የያዘው እሱ ነው። ግንዱን ዙሪያውን ለማቀፍ እኔና ልጄ እጅ ለእጅ መያያዝ ነበረብን። ቅርንጫፎቹ የጎረቤት አጥር ተሻግረው ሄደዋል። ፍሬው ደግሞ አንዳንዱ በአንድ እጅ አይጨበጥም። አረንጓዴ፣ ትልቅ፣ ጎንና ጎኑ ያልተስተካከለ፣ ትንሽ ጠፍጠፍ ያለ። ሚስቴን «ኪራዩ ረክሶልናል» አልኳት። ክረምቱን ሙሉ ፖም ላንገዛ ነዋ።

የገባን ቀን ማታ፣ ካርቶኖቹን ሳንፈታ፣ አንዱን ቆርጬ ገመጥኩ። ጥርሴ ጠረሰ። አንድ ዓይኔን ጨፍኜ፣ ትከሻዬን ሰብስቤ ቆምኩ። ልጄ ስቃ ልትሞት ደረሰች። «ገና አልበሰለም» አልኩ፣ ለክብሬ።

መስከረም ገባ፤ ሞከርኩ። ያው ነው። ጥቅምት ገባ፤ ፀሐይ የሚያገኘው ጎኑ ላይ ቡናማ ቀይ ቀለም ጣል ጣል አደረገበት። አሁንስ ደረሰ ብዬ ገመጥኩ። ያው ነው። እንዲያውም ቀለሙ አታሎኝ በደንብ ስለገመጥኩ የባሰ ነበር። በቃ፣ ዛፉ አርጅቷል ወይም ዱር ሆኗል ብዬ ደመደምኩ። ባለቤቱ ይፈቅድልኝ እንደሆነ ጠይቄ ላስቆርጠው ሁሉ አስቤ ነበር። ዛሬ ይህን ስጽፍ አፍራለሁ።

ያዳኑት ጎረቤታችን ናቸው። ሰማንያውን ያለፉ ሴትዮ ናቸው፤ ባላቸው ከሞቱ ጀምሮ ብቻቸውን ይኖራሉ። የዚህ አካባቢ ሰው ሁሉንም «ዳክ» ብሎ ይጠራል። ዳክዬ ማለት ነው። መጀመሪያ የሰማሁ ቀን መሰደቤ ነው ወይ ብዬ ነበር፤ ለካ «የኔ ዓለም» እንደማለት ነው። አንድ ቅዳሜ የወደቀውን ፍሬ እየለቀምኩ ቆሻሻ መጣያ ውስጥ ስከት በአጥሩ ላይ አዩኝ።

«ምን እያደረግህ ነው ዳክ?»

«ይሄ ፖም አይሆንም፣ በጣም ይመራል» አልኳቸው። ይኮመጥጣል ለማለት ነበር፤ እንግሊዝኛው አምልጦኝ ነው።

«ጥሬውን ነው እንዴ የምትበላው?» አሉና አጥሩን ይዘው ሳቁ። «ብራምሊ እኮ ነው! ኩከር ነው!»

እንግሊዞች ፖምን ለሁለት ይከፍሉታል። አንዱ ኢተር ነው፤ ነክሰህ የምትበላው። ሌላው ኩከር ነው፤ አብስለህ የምትበላው። ድንችን ጥሬውን ገምጦ «ይሄ ነገር አይጣፍጥም» እንደሚል ሰው ነበርኩ ማለት ነው። ሴትዮዋ ግን አልፈረዱብኝም። አራት ትልልቅ ፍሬ ይዤ እንድመጣ ነገሩኝና ወጥ ቤታቸው አስገቡኝ።

ያን ቀን ያየሁትን እስካሁን ሳበስል አየዋለሁ፤ አይሰለቸኝም። ፍሬውን ላጡት። ልጣጩ እየተጠማዘዘ ሳይበጠስ ወረደ። መሃሉን፣ ዘር ያለበትን፣ አወጡና ሥጋውን በትልልቁ ቆረጡት። ነጭ ነው፣ ትንሽ ወደ አረንጓዴ ያደላል፣ ቶሎ ካልተጣደ ይጠቁራል። ድስት ላይ ሁለት ሾርባ ማንኪያ ውሃ ብቻ ጨመሩ። እኔ ይቃጠላል ብዬ ነበር። ክዳኑን ገጥመው በዝግታ እሳት ተዉት።

አምስት ደቂቃ አካባቢ ከፈቱት። ቁራጮቹ ጠርዛቸው ላይ መፈራረስ ጀምረዋል፣ መሃላቸው ግን ገና ቅርጹን ይዟል። አንዱን በማንኪያ ጫፍ ነካ አደረጉት። ተነፈሰ ልበል? እንደ በረዶ ክምር ወደ ታች ሰጠመ። ሌሎቹም ተከተሉት። ደግመው ሲከፍቱት ቁራጭ የሚባል ነገር የለም። ድስቱ ሙሉ አረፋ የመሰለ፣ ለስላሳ፣ ቀለሙ ፈዘዝ ያለ ነገር ሆኗል። ማንም አልፈጨውም፣ ማንም አልደቆሰው። በራሱ ነው የፈረሰው። ስኳር በማንኪያ እየለኩ ጨመሩ፤ እየቀመሱ፣ እያቆሙ። «ስኳሩን መጨረሻ ላይ ነው» አሉኝ። «ጎምዛዛነቱን አትግደለው። እሱን ነው የምትፈልገው።»

ቤት ስመለስ ነገሩን ለማመን የሱቅ ፖም ገዝቼ በተመሳሳይ ድስት ሞከርኩ። ለስለስ ይላል እንጂ አይፈርስም። ቁራጭ ሆኖ ይቀራል። ጣፋጭነቱ አለ፤ ግን ሲበስል የፖም ጣዕሙ የት እንደገባ አይታወቅም። ጠፍ ያለ የሞቀ ጣፋጭ ይሆናል። የብራምሊ ምስጢር አሲዱ ነው። ማሊክ አሲድ የሚባለው በብዛት አለው። በሙቀት ጊዜ አሲዱ ሕዋሶቹን አጣብቆ የያዘውን ነገር ያላላዋል፤ ሕዋሶቹ ይለያያሉ፤ ሥጋው ይፈርሳል። አሲዱ ግን ከእሳት በኋላም አይጠፋም። ስለዚህ ስኳር ሲገባበት ጣዕሙ ሁለት ይሆናል፣ ጣፋጩም ጎምዛዛውም። ጥርሴን ያጠረሰው ያው ነገር ነው እንግዲህ።

እንግሊዞች በአሳማ ሥጋ ሶስ ያደርጉታል፤ ያንን ለእነሱ ትቻለሁ። ፓይ ይጋግሩበታል። መሃሉን ቀድደው ዘቢብ ሞልተው እንዳለ ምድጃ ውስጥ ይከቱታል። እኛ ቤት የገነነው ክራምብል ነው፤ ፖሙን ከታች አድርጎ፣ ዱቄትና ስኳር በቅቤ አሽቶ ከላይ መበተን። በጾም ሰሞን ሚስቴ በአትክልት ቅቤ ትሠራዋለች፤ ማንም ልዩነቱን አላወቀም። እኔም የማውቀው ስለነገረችኝ ነው።

ፍሬውን ከመልኩ ለመለየት አሁን ችግር የለብኝም። ከሁሉ በፊት ትልቅ ነው። እኩል የሆነ ጎን የለውም፤ ጠረጴዛ ላይ ስታስቀምጠው ያጋድላል። ከቅርንጫፉ የሚንጠለጠልበት ዘንጉ አጭርና ወፈር ያለ ነው። አናቱ ላይ፣ አበባው የነበረበት ቦታ፣ ዓይኑ ሰፊ ነው። ቀለሙ አረንጓዴ ሆኖ ይለቀምና ቤት ውስጥ ቀስ እያለ ወደ ቢጫ ይሄዳል። ቆዳው ደግሞ ሲቀመጥ ቅባት ቅባት ይላል። መጀመሪያ ሳየው የተበላሸ መስሎኝ በሳሙና ልጠርገው ነበር። የራሱ ሰም ነው። ሲከርም ያወጣዋል።

መቀመጥ ይችልበታል። በጥቅምት መጀመሪያ በመዳፌ ይዤ ቀና ሳደርገው ከቅርንጫፉ በቀላሉ ከለቀቀ ደርሷል፤ ካልለቀቀ አልታገለውም። ያልተመታውን ብቻ መርጬ፣ አንድ በአንድ በጋዜጣ ጠቅልዬ፣ መሣሪያ የምናስቀምጥበት ጎጆ ውስጥ በካርቶን እደረድረዋለሁ። እስከ መጋቢት ይቆያል። በየሁለት ሳምንቱ እያገላበጥኩ አሸተዋለሁ፤ አንድ የበሰበሰ ካለ ጎረቤቱን ሁሉ ይዞ ይሄዳልና። የተመታውን አትመኑት። ከላይ ምንም ሳይመስል ውስጡ ጠቁሮ ይጠብቃችኋል። አንዳንዱ ደግሞ ከቆዳው ሥር ቡናማ ነጠብጣብ ያወጣል፤ የካልሲየም ጉድለት ነው፣ እሱን ቆርጦ መጣል ነው።

ዛፉ ራሱ ጉልበተኛ ነው። ይህን በደንብ አውቃለሁ፤ ተጣልተናል። በመጀመሪያው ክረምት መጋዝ ተውሼ ያለ ርኅራኄ ከረከምኩት። ጎረቤቴ በመስኮት አይተው ራሳቸውን ነቀነቁ፣ ግን ምንም አላሉኝም። ሲሞቅ መልሱን ሰጠኝ። ቀጥ ብለው ወደ ሰማይ የወጡ፣ ከእኔ ቁመት የሚበልጡ አርጩሜዎች በየቦታው አወጣ። ፍሬ? በጣት የሚቆጠር። ገደልኩት ብዬ ደነገጥኩ። በኋላ እንደተረዳሁት ሁለት ነገር ተደርቦብኝ ነው። አንደኛ፣ ብዙ ስትቆርጠው በቅጠልና በእንጨት ነው የሚበቀልህ። ሁለተኛ፣ ብራምሊ አንድ ዓመት ተሸክሞ በሚቀጥለው ዓመት የማረፍ ጠባይ አለው። አሁን በየክረምቱ ጥቂት ጥቂት ነው የምነካው።

አበባው ግን! ሚያዝያ መጨረሻ ላይ ነው። እንቡጡ ደማቅ ሮዝ፣ ሲፈነዳ ነጭ የሚሆን። ከሌሊት ሥራ ስመለስ፣ ሊነጋ ሲል፣ ጓሮው ውስጥ መብራት የረሳን ይመስለኛል። ጫማዬን ሳላወልቅ በወጥ ቤቱ በር ወጥቼ ቆሜ አየዋለሁ። በዚያን ሰሞን ውርጭ ከመጣ የዓመቱ ፍሬ ገደል ገባ ማለት ነው፤ አንድ ዓመት ደርሶብናል።

አንድ ሌላ ጠባይ አለው፤ ይኼኛው ያስቀኛል። አብዛኛው የፖም ዛፍ በየሕዋሱ ሁለት ስብስብ ክሮሞዞም አለው፣ 34። ብራምሊ ግን ሦስት እጥፍ ነው፣ 51። በዚህ ምክንያት የአበባው ዱቄት ለሌላ ዛፍ አይረባም። ከሌላ ፖም በንብ የሚመጣለትን ይቀበላል፣ እሱ ግን ምንም አይሰጥም። ለዚህ ነው የሚተክሉት ሰዎች አጠገቡ አንድ ሳይሆን ሁለት ሌላ ዓይነት ፖም የሚተክሉት፤ ሁለቱ እርስ በርስ ይረዳዱ፣ ለሱም ይትረፈው ብለው። የእኛው ከማን እንደሚበላ አላውቅም ነበር። ከሦስት ቤት ወዲያ ሁለት ፖም እንዳሉ ያየሁት ከላይ ክፍል መስኮት ነው።

ወደ ስሙ ልምጣ። ይህን ሁሉ ያጻፈኝ እሱ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1809፣ ከእኛ 22 ኪሎ ሜትር ገደማ በምትርቀው ሳውዝዌል፣ ሜሪ አን ብሬልስፎርድ የምትባል ልጅ የፖም ዘር ተከለች። የፖም ዘር የእናቱን መልክ አይዝም። መቶ ዘር ብትተክል መቶ ዓይነት ፖም ነው የምታገኘው፤ አብዛኛው የማይረባ። የሷ አንድ ዘር ግን ይህንን ሆነ። እሷ ከዚያ ቤት ከወጣች ከብዙ ጊዜ በኋላ፣ በ1846፣ ማቲው ብራምሊ የሚባል ሥጋ ሻጭ ቤቱን ገዛው። ዛፉ አብሮ መጣለት። በ1856 ሄንሪ ሜሪዌዘር የሚባል የችግኝ ነጋዴ፣ ያኔ ገና የ17 ዓመት ልጅ ነው፣ ፍሬውን አይቶ ከዛፉ ቀንበጥ ልቁረጥ ብሎ ጠየቀ። ሥጋ ሻጩ ቁረጥ፣ ግን በኔ ስም ይጠራ አለ። በቃ። ብራምሊ።

የሜሪዌዘር የሂሳብ መዝገብ ላይ የመጀመሪያው ሽያጭ የተጻፈው ኦክቶበር 31፣ 1862 ነው፤ ሦስት ብራምሊ በ2 ሽልንግ። በ1876 የንጉሣዊው የአትክልት ማኅበር የፍራፍሬ ኮሚቴ አመሰገነው። ዛሬ የእንግሊዝ ኩከር ሲባል እሱ ነው፣ ሌሎቹ ከቁጥር አይገቡም። ሰሜን አየርላንድም ወስዳ አባዛችው፤ እዚያ አርማ በሚባለው አውራጃ የሚበቅለው ብራምሊ በ2012 ከአውሮፓ ኅብረት የስም ጥበቃ አገኘ። የሥጋ ሻጩ ስም በሕግ ተጠብቋል ማለት ነው እንግዲህ።

ዘሩ እናቱን የማይመስል ከሆነ እንዴት ተባዛ? በቀንበጥ ነው። ከዛፉ ቀንበጥ ይቆረጥና የሌላ ፖም ሥር ላይ ይጣበቃል። ከሥሩ በላይ ያለው ሁሉ ያው የመጀመሪያው ዛፍ ነው። ልጁ አይደለም፣ ራሱ ነው። በዓለም ላይ ያለ ብራምሊ በሙሉ የዚያች ልጅ ዛፍ ቁራጭ ነው።

ይህን ካወቅሁ በኋላ እናት ዛፉን ካላየሁ ብዬ አላርፍ አልኩ። በ1900 ማዕበል ጥሎት ከወደቀበት እንደገና ያቆጠቆጠ ነው። በ2016 ደግሞ ሥሩን የሚበላ ፈንገስ ይዞት እየሞተ መሆኑ ተነግሯል። አንድ እሁድ ልጄን ይዤ አውቶቡስ ተሳፈርን። ሳውዝዌል ሰፋ ያለች መንደር ነገር ናት፤ መሃሏ ላይ የማይመጥናት ትልቅ ካቴድራል ቆሟል። ለዛፉ ሁለት መቶኛ ዓመት፣ በ2009፣ እዚያ ውስጥ ባለ ቀለም የመስታወት መስኮት ተሠርቶለታል። በፖሙ ስም የተሰየመ መጠጥ ቤትም አለ። ቸርች ስትሪትን ይዘን ወረድን። ዛፉ ከቤቶቹ ኋላ ነው፣ የሰው ጓሮ ውስጥ፤ ዝም ብሎ የሚገባበት አይደለም። ይህን ሳላጣራ መሄዴ የኔ ጥፋት ነው። በቤቶቹ መሃል አንገቴን አሰገግኩ፤ ጣሪያና ሰማይ ብቻ።

ልጄ ደክሟታል። አጥር ላይ ተደግፋ «አባ፣ የኛም ያው ዛፉ ነው አላልክም?» አለችኝ።

ብያለሁ። ምን ልመልስ? ሳንድዊቻችንን በልተን አውቶቡስ ጠበቅን። እዚያው ተቀምጠን ታሪኩን ከመጀመሪያው አስነገረችኝ።

«ታዲያ ለምን ሜሪ አን አላሉትም?»

«ቤቱ የሰውየው ስለሆነ።»

«ግን እሱ አልተከለም።»

«አልተከለም።»

ትንሽ ዝም ብላ «የኛ ዛፍስ የማን ነው?» አለች።

«የባለቤቱ ነው። እኛ ተከራይ ነን።»

እስክንደርስ አላወራችም። በሚቀጥለው ቀን ክራምብል ስንሠራ የወጣውን ዘር ለቀመችው። አንዳንዱ ፍሬ ውስጥ ደህና ዘር ጨርሶ የለም፤ የሦስት እጥፍነቱ ጣጣ ነው፣ ባዶና የተጨማደደ ይበዛል። ሞላ ሞላ ያሉትን ዘጠኝ መረጠች። በእርጥብ የወጥ ቤት ወረቀት ጠቅልላ በፕላስቲክ ዕቃ ፍሪጅ ውስጥ ሁለት ወር ተኩል አቆየቻቸው፤ የፖም ዘር ብርድ ካላየ አይነቃም። ሚስቴ ሦስት ጊዜ ልትጥለው ነበር። ከዘጠኙ ሁለቱ በቀሉ። አንዱን ቀንድ አውጣ በላው። አንዱ ቀረ።

ብራምሊ አይሆንም። እናቱ ብራምሊ ናት፣ አባቱ ከሦስት ቤት ወዲያ ካሉት አንዱ ይሆናል፣ ወይም ንቧ የምታውቀው ሌላ። ፍሬ ለማየት ስድስትም አሥርም ዓመት ሊወስድ ይችላል፤ እንደገመጥኩት እንደገና ጥርሴን ሊያጠርሰኝም ይችላል። አሁን ወገቤ ድረስ ደርሷል። መሬት እንድትተክለው ብንነግራት እምቢ አለች። ባልዲ ውስጥ ነው፤ ከታች ቀዳድቼላታለሁ። ሲያድግ ባልዲ እንቀይራለን።

ባለፈው ወር ቤቱን የሚቆጣጠረው ሰው መጣ። በየስድስት ወሩ ይመጣል። ስንገባ የተፈራረምነውን የዕቃ ዝርዝር ይዞ ክፍል በክፍል እየዞረ ያመሳክራል፤ መጋረጃ፣ ምድጃ፣ የጢስ ማስጠንቀቂያ። ጓሮ ወጣ። ትልቁን ዛፍ ቀና ብሎ አየ፣ ወረቀቱ ላይ ምልክት አደረገ። ከዚያ ባልዲው ጋ ቆመ።

«ይሄ ምንድን ነው?»

ልጄ ከኔ ቀደመችው። «ዝርዝሩ ላይ የለም» አለች።

ወረቀቱን አገላብጦ አየ። እውነትም የለም።